ገብሱን ለብቻው አትተዉት፦ ላይሲንን ከሰሜን ሸዋ ጓዳ እንዴት እናወጣለን

ባለፈው ዓመት በኅዳር ውርጭ ከንፈሬን ምች መታኝ። ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ይሄ ብርቅ አይደለም። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ከንፈሬን አሳየሁ። ሻጩ ብዙም ሳይጠይቀኝ «ላይሲን» የሚል ብልቃጥ አወጣ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ግን ያመመው ሰው አይከራከርም፣ ገዛሁት። ማታ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳነበው አንዷ ፍሬ 500 ሚሊግራም ትይዛለች ይላል። የዚያን ቀን ምሳዬ አንድ ሰሃን የባቄላ ንፍሮ ነበር። ወረቀት አወጣሁና ሒሳቡን ሠራሁት። ከንፍሮው ያገኘሁት ላይሲን ከሁለት ፍሬ በላይ ነው። ብሬን ውሃ በላው ማለት ነው።

እኛ አካባቢ የላይሲን ችግር ካለ፣ ችግሩ ብልቃጥ ማጣት አይደለም። ገብሱን ለብቻው አብስሎ ማቅረብ ነው፣ በተለይ ጡት ለተወ ሕፃን። ሁለተኛው ደግሞ ምጣዱ ላይ ማሳረር ነው። ሁለቱም በቀላሉ ይስተካከላሉ። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ ግን መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ ብናውቅ ምጣዱ ላይ ለምን እንደምንጠነቀቅ ይገባናል።

ላይሲን ምንድን ነው?

ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ዓይነት ፍሬዎች ነው። ሰውነታችን ዘጠኙን ራሱ መሥራት አይችልም። ከምግብ ካልመጡለት የሉም። ላይሲን ከዘጠኙ አንዱ ነው። ዕፅዋትና ባክቴሪያዎች ይሠሩታል፣ እንስሳ አይሠራውም። የመንዝ በግ እንኳ ሣር ግጦ የሚደልበው ጨጓራው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስለሚሠሩለት ነው።

አንዱ አሚኖ አሲድ ሲያንስ የሌሎቹ መትረፍረፍ ብዙም አይረዳም። ጭቃው ተረግጦ፣ ማገሩ ተከምሮ፣ ምሰሶ ከጎደለ ቤቱ አይቆምም። የተረፈው ማገር ደግሞ ለማገዶ ይሄዳል፤ ሰውነታችንም ያልተጠቀመበትን አሚኖ አሲድ ያነድደዋል፣ ናይትሮጅኑን በሽንት ይሸኘዋል። በእህል ምግብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ምሰሶ ላይሲን ነው።

መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው፤ ድሬክሰል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ኬሲን ከሚባለው የወተት ፕሮቲን አወጣው። በ1902 ደግሞ ኤሚል ፊሸርና ፍሪትዝ ቫይገርት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠሩት፣ ቅርጹም ያኔ ተረጋገጠ። 6 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅንና 2 ኦክስጅን አለው። ከሁሉም አሚኖ አሲዶች የሚለየው ጎኑ ላይ በተንጠለጠለው ነገር ነው። ከዘራ አስቡ። አራት ካርቦን ተቀጣጥለው ረዘም ያለ ዘንግ ይሠራሉ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ሁለተኛ የአሚን ቡድን አለ፣ ናይትሮጅን ከሃይድሮጅኖቹ ጋር። ያ ጫፍ በደማችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው)፣ ማለትም 7.4 አካባቢ፣ ተጨማሪ ፕሮቶን ይይዝና ፖዘቲቭ ቻርጅ ይሸከማል። ፒኤቹ ወደ 10.5 እስኪጠጋ ፕሮቶኑን በቀላሉ አይለቅም።

የላይሲን ሥራ ሁሉ፣ ጉዳቱም ጭምር፣ ከዚያች ጫፍ ይመጣል።

ለምሳሌ ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ክር አለ፣ እንዴት ይገባል? ሒስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠማል። ሒስቶን በላይሲን የተሞላ ነው፤ ፖዘቲቩ ኔጋቲቩን ይስባል። የመንዝ ሴቶች የበግ ፀጉር ሲፈትሉ አይታችሁ ከሆነ፣ እንዝርቱ ሒስቶን ነው፣ ፈትሉ ዲኤንኤ። ሴሉ አንድን ጂን ማንበብ ሲፈልግ ደግሞ የላይሲኑ ጫፍ ላይ አሴቲል የምትባል ትንሽ ቡድን ያስቀምጥበታል። ቻርጁ ይጠፋል፣ ፈትሉ ይላላል።

ሌላው ኮላጅን ነው፤ ቆዳ፣ ጅማት፣ አጥንት፣ የደም ሥር ግድግዳ። ኮላጅን እንደ ገመድ የተገመደ ነው፣ ገመዶቹን እርስ በርስ የሚያስሩት የላይሲን ጫፎች ናቸው። ማሰሪያውን የሚሠራው ኢንዛይም መዳብ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ላይሲኑ ላይ ኦክስጅን የሚጨምረው ኢንዛይም ደግሞ ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ቫይታሚን ሲ ያጣ ሰው ድዱ የሚደማው ገመዱ ስለሚላላበት ነው። ስለዚህ ከሽሮው ጎን ያለችው ቃሪያ ለማቃጠል ብቻ የመጣች አይደለችም።

ካርኒቲንም አለ። ስብን ሴል ውስጥ ወዳለው ምድጃ፣ ወደ ማይቶኮንድሪያ፣ ተሸክሞ የሚያስገባ አህያ በሉት። ሰውነታችን የሚሠራው ከላይሲንና ሜቲዮኒን ከሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ነው። ዓይናችን ውስጥ ደግሞ ብርሃን የምትይዘው የቫይታሚን ኤ ዘመድ ሮዶፕሲን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር የተያያዘችው በአንዲት ላይሲን ጫፍ ነው፣ በፕሮቲኑ ሰንሰለት 296ኛ ቦታ ላይ ባለችው። ይቺን ስሰማ ደስ ስላለኝ ነው የነገርኳችሁ፣ ለማብሰያው አትጠቅምም።

ስንት ያስፈልጋል? ከየት?

የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መለኪያ አዋቂ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1,800 ሚሊግራም ማለት ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን ግን በኪሎ 45 ይፈልጋል፣ እያደገ ነዋ።

አሁን ጓዳ እንግባ። 100 ግራም ገብስ ከ370 እስከ 460 ሚሊግራም ገደማ ላይሲን አለው። ስንዴና ጤፍም እዚያው አካባቢ ናቸው፣ ማሽላ ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ወደ 230 ይወርዳል። ያው 100 ግራም ደረቅ ባቄላ ግን 1,670 ገደማ ነው! ምስር፣ አተርና ማሾም እንደዚሁ፣ ሽምብራ ትንሽ ዝቅ ይላል። አንድ እንቁላል 450 አካባቢ ይይዛል። እንቁላል በጾም አይበላም፤ ባቄላ ግን ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ከእኛ ጋር ነው።

ታዲያ ባቄላ ብቻውን ይበቃል? አይበቃም፣ እሱ ደግሞ ሜቲዮኒን ያንሰዋል። ሜቲዮኒኑን ገብሱ ያመጣለታል። አያቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ እንጀራን ከሽሮ፣ ንፍሮን ስንዴ ከባቄላ ያገናኙት ዝም ብሎ አይደለም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ብዙ እህል የሚበላ ጤነኛ አዋቂ፣ ገብሱም ብዙ ስለሆነ፣ እንደምንም ይደርሳል። ሆዱ ትንሽ የሆነው ሕፃን ነው የማይደርሰው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 450 ሚሊግራም ይፈልጋል። 80 ግራም የገብስ ዱቄት በአጥሚት መልክ ቢወስድ ወደ 320 ያገኛል፣ የሚፈጨውና የሚገባው ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ጡት እየጠባ ከሆነ ወተቱ ብዙውን ይሞላለታል። ጡት ከተወ ግን ጉድለቱ የራሱ ነው። ከ80 ግራሙ ሲሶውን ባቄላ ብታደርጉት ወደ 660 ይወጣል። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው።

ባለፈው ፋሲካ መሐል ሜዳ አክስቴ ዘንድ ሄጄ የልጅ ልጃቸውን አጥሚት ሲያጠጡ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ገብስ ብቻ ነው?»

«ምን ሊሆን ኖሯል፣ ልጄ? ባቄላ ሆዱን ይነፋዋል።»

እውነታቸውን ነው፣ ይነፋል። ግን መላ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን የሠራነው ምጥን ይሄውና።

ምጥኑን ስትሠሩ

ሁለት ጣሳ ገብስ፣ አንድ ጣሳ ባቄላ። ልኬቱ ይቺው ናት።

በባቄላው ጀምሩ፣ ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው። ድንጋይና ነቀዝ የበላውን ልቀሙ፣ እጠቡ፣ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውሃውን ድፉት። ሆድ ከሚነፉት ስኳሮች የተወሰኑት ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። ቢመቻችሁ በቆልት አድርጉት፤ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በቀን ሁለቴ እያጠባችሁ፣ ጫፉ ነጭ እስኪያወጣ ጠብቁ። ሸዋ ሮቢት ቢሆን ሁለት ቀን ይበቃው ይሆናል። መንዝ ላይ ግን ሦስት አራት ቀን ይወስዳል፣ እትዬ ምድጃው ዳር ነው ያስቀመጡት። ሲበቅል ብረትና ዚንክ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፣ ሆድም ይቀለዋል። ከሸተተ ወይም ካሟለጨ አታመንቱ፣ ጣሉት።

ከዚያ ቅርፊቱን ላጡት። የተነከረ ባቄላ በጣት ጫን ሲሉት ፍሬው ሾልኮ ይወጣል፣ ልጆች ይወዱታል። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። እርጥበት ያለው ባቄላ ወፍጮ ቤት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ባለወፍጮው ይቆጣችኋል፣ ዱቄቱም ይሻግታል።

ገብሱን ሸክሽኩና አንፍሱት። አሁን ምጣዱ መጣ፣ እዚህ ጋ ቀስ በሉ።

ያቺን የላይሲን ጫፍ አስታወሳችሁ? ሙቀት ሲበዛና ውሃ ሲያንስ ከስኳር ጋር ትጣበቃለች። ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1912 ነው የገለጸው፣ በስሙም ይጠራል። የቆሎው ሽታ፣ የዳቦው ቡናማ ቅርፊት፣ የተቆላ ቡና ቀለም፣ ሁሉም የዚህ ሥራ አለበት። ችግሩ እንዲህ የተጣበቀችውን ላይሲን አንጀታችን ፈትቶ ሊጠቀምባት አይችልም። ምግቡ ላይ ትቆጠራለች፣ ለሰውነት ግን የለችም። ገብስ ድሮውንም ላይሲን ያነሰው ነው፣ ጨርሰን ስናሳርረው ያችኑም እንቀማዋለን።

አትመሱት አላልኩም። ሳይታመስ አይጥምም፣ ሽታው ነው ልጁን አፉን የሚያስከፍተው፤ ደግሞ ያለው ላይሲን በሙሉ አይጠፋም። እሳቱን ቀንሱ፣ እጃችሁ ከማማሰያው አይለይ። ሽታው ሲያውድና ቀለሙ ወርቃማ ሊሆን ሲል አውርዱት። ቡናማ እስኪሆን አትጠብቁ። ከወረደም በኋላ የጋለው ምጣድ ላይ አትተዉት፣ ሰፌድ ላይ ገልብጡት፤ ብረት ምጣድ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ይቆላል። እኔ የመጀመሪያውን ዙር እንዲሁ ስልክ ሳወራ አሳረርኩት። እትዬ ቀምሰው «ይሄስ ለጠላ ደረቆት ይሆናል» አሉኝ። ባቄላውንም እንደዚያው ለብቻው ለስለስ ባለ እሳት አምሱት። አንድ ላይ አታድርጓቸው፣ ገብሱ ቀድሞ ይደርሳል።

አስፈጩት፣ ንፉት፣ በደረቅ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። የአንድ ወር ብቻ አዘጋጁ። ከሻገተ ለልጅም ለዶሮም አይሰጥም።

ስታበስሉ ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ ከዚያ የፈላው ውሃ ላይ ጨምሩት፣ አለበለዚያ ይጓጉላል። ሃያ ደቂቃ ያህል እያማሰላችሁ አብስሉት፤ ባቄላ ጥሬነቱ እንዲለቀው። ወፈር ይበል፣ ከማንኪያ ላይ እንደ ውሃ የሚወርድ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም። በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ። ይሄ ስድስት ወር ለሞላው ነው፣ ከዚያ በፊት ጡት ብቻ። ልጁ ከስቶ ወይም እግሩ አብጦ ካያችሁት ግን ምጥን ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

መቀቀልስ ላይሲኑን አይጎዳውም? እምብዛም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ውሃችን የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማያር የሚጣደፈው ከዚያ በጣም ከፍ ባለ ሙቀትና በደረቅ ነገር ላይ ነው። ንፍሮና ወጥ ላይሲንን በደንብ ይጠብቃሉ ማለት ነው። ዕዳው ሌላ ነው፤ በ91 ዲግሪ ባቄላ ቶሎ አይበስልም፣ ማገዶ ይበላል። ስለዚህ ሳትነክሩ አትጣዱ።

ለሌላው ወገን

መንዝና ደብረ ብርሃን ገብስና ባቄላ አላቸው። ምንጃር ጤፉን ከምስርና ከሽምብራ ጋር ያገናኝ። ቆላው፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ ማሽላ ስለሚበላ ከሁሉም በላይ ጥራጥሬ የሚያስፈልገው እሱ ነው፣ ማሾውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ገበያ ይልከዋል። ሁለት ጣሳ ለቤት ይቅር። ማሾ ቶሎ ይበስላል፣ ሆድም ብዙ አይነፋም፣ ለሕፃን ምጥን ከባቄላ ይልቅ እሱን እመርጥ ነበር።

አዋቂ ከሆናችሁ ሁለቱን በአንድ ማዕድ ካልበላሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ጠዋት በሶ፣ ማታ ሽሮ ቢሆን ቀኑ ያቻችለዋል። ለሕፃን ግን አንድ ላይ ይሁን።

ጓያ ላይ ግን አስጠንቅቃለሁ። ላይሲኑ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ሽሮ ውስጥ ይደባለቃል። ነገር ግን ኦዳፕ የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይዟል፣ ነርቭ የሚመርዝ። ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ካደረጉት እግርን ሽባ ያደርጋል፣ አይመለስም። ነክሮ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ለልጅ ምጥን ውስጥ አታስገቡት።

ሁላችንም የምንኮራበት አንድ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ስዊድን ውስጥ ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰበ ገብስ ሲመረምሩ ላይሲኑ ከሌሎቹ ከፍ ያለ አንድ ዘር አገኙ፣ ሂፕሮሊ አሉት። ዘሩ የኢትዮጵያ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ላይሲኑ ከፍ ያለ ማሽላ ከወሎ አገኙ፣ ከጎረቤታችን። ገበሬው ስም አውጥቶለት ቆይቷል፦ ወተት በጉንጬ። ሁለቱም ፍሬያቸው ጨምደድ ያለ ነው፣ እንደ ሌላው አይሞላም፤ ስለዚህ ማሳውን ሁሉ አልወረሱም።

ወደ ከንፈሬ ስንመለስ

ላይሲን ለምች ለምን ይሰጣል? ከንፈር ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል ብዙውን ጊዜ ሄርፐስ የተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ለመራባት አርጂኒን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይፈልጋል፣ ላይሲን ደግሞ መልኩ ስለሚቀርብ ይሻማዋል ተብሎ ታሰበ። ሐሳቡ ያምራል። ሰው ላይ ሲሞከር ግን ውጤቱ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም፣ የሚያስተማምን አልሆነም። ደጋግሞ ለሚያስቸግረው ሰው አሲክሎቪር የሚባለውን ሐኪም ያዝዛል፣ ያ የሚሠራ መሆኑ የታወቀ ነው። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ደግሞ የላይሲን ፍሬ በራሱ ፈቃድ አይዋጥ።

ፍሬው ውስጥ ያለው ላይሲንም ከሥጋ ወይም ከባቄላ የወጣ አይደለም። ስኳር የበላ ባክቴሪያ ፋብሪካ ውስጥ የሠራው ነው። አብዛኛው ምርት የሚሄደው ደግሞ ወደ ዶሮና ወደ አሳማ መኖ ነው። ዶሮ አርቢዎች በቆሎ ብቻውን እንደማያሳድግ ከእኛ ቀድመው ገብቷቸዋል።

ለእትዬ ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። «ዳማ ከሴ ደጅህ እያለ!» ብለው ሳቁብኝ። ዳማ ከሴውም ቫይረሱን ይግደል አይግደል ሌላ ወሬ ነው፣ ግን ቢያንስ በነጻ ነው። የተረፉትን ፍሬዎች ሳልውጥ ጊዜያቸው አለፈ። ብልቃጧን እትዬ አጥበው ወሰዷት፣ የሰናፍጭ ዘር ይዛለች።